በቀትር የሚዘጋ በር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017

ሙቀት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ነፋስ የለም። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔና ልጄ ማህደር ብቻ ነን። ስድስት ሰዓት ላይ የባለቤቴ ወንድም ይሳቅ መጣ።

ይሳቅ የሚመጣው ሁልጊዜ ሱቁን ለቀትር ዕረፍት ሲዘጋ ነው፣ መንገዱ ጭር ሲል። በማዳበሪያ ከረጢት አራት የተቃጠሉ የቬንቲሌተር ሞተሮች ይዟል። "እትዬ፣ ሁለቱ ለነገ ናቸው፣ የሆቴል ናቸው" አለኝ። ውኃ ጠጥቶ ሄደ። እኔም በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። እኔ የተቃጠለውን አውጥቼ አዲስ ሽቦ የምጠመጥመው ያኔ ነው። የሚያይ የለም፣ የሚያናግር የለም፣ የዙር ቆጠራዬ አይጠፋም።

ማህደር ከሥልጠና ተመለሰች። ሥራ ላጡ ምሩቃን የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው፣ "ከዝንባሌህና ከችሎታህ ጋር የሚስማማ ሥራ" ይባላል። ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፋች። ከወጣች አምስት ወሯ ነው። የሰጧትን ቅጽ ጨምድዳ ጣለችው።

"ሥራ ስጡኝ ስላቸው ዝንባሌሽ ምንድን ነው ይሉኛል" አለች። "ዝንባሌዬ መብላት ነው።"

ቅጹን ከቆሻሻው አንሥቼ በመዳፌ አቃናሁት። ወረቀት ሲጣል ማየት አልችልም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ንባብ የለመድኩት ስኳርና ምስር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ይህን ደብተርም ማህደር ተማሪ ሳለች ካስተረፈቻቸው ገጾች ሰፍቼ ነው የሠራሁት።

ሁለቱን የሆቴል ሞተሮች ጨረስኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ቅጹ የሚጠይቀው "አንተ" እያለ ነው። ይሁን።

ጥያቄ አንድ፦ ስትሠራው ጊዜው የሚረሳህ ሥራ የትኛው ነው?

እርሳስ አንሥቼ "ጥምጠማ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ሥራው የኔ አይደለም፣ የክፍሌ ነው። ባለቤቴ ክፍሌ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። መጋላ ሰፈር ያለው ሱቅ እስከ ዛሬ "ክፍሌ ሞተር ጥምጠማ" ይላል። መጀመሪያ ሽቦ አቀብለው ነበር። ኋላ እጁ ሲንቀጠቀጥበት "እስቲ ይህቺን ጀምሪልኝ" ይለኝ ጀመር። ከዚያ "ጨርሺልኝ" አለ። ከዚያ ምንም ማለት ተወ፣ ዝም ብሎ አምጥቶ ያስቀምጣል። ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

ሆስፒታል ተኝቶ "ሱቁን አደራ፣ ስሜን አደራ" አለኝ። ሱቁን ይሳቅ ያዘ። ይሳቅ ሞተር መፍታትና መግጠም ያውቃል፣ ሽቦ ግን በእጁ አይገራለትም። ስለዚህ ከረጢቱ ወደ እኔ መምጣቱን ቀጠለ። ይሳቅ መጥፎ ሰው አይደለም። የቤታችንን ኪራይ መክፈል አይረሳም።

ክፍሌን የሚያህል ጠምጣሚ ድሬ ላይ አልነበረም።

ቅጹን ፍራሽ ሥር አደረግሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ሙቀት። ሦስት ሞተር። የምቆጥረው በእናቴ ቋንቋ በኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። በአማርኛ ከቆጠርኩ ይጠፋኛል። በየመቶው አንድ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ጠጠሩ መቶውን ይይዛል እንጂ ቀሪውን አያውቅም። ሁለት መቶ ሰባ ላይ ሳለሁ ማህደር "እማዬ፣ ቻርጀሩ የታለ?" አለችኝና ጠፋኝ። ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩ። አልተቆጣኋትም።

የራሳችን ቬንቲሌተር ጣሪያው ላይ እንደቆመ ነው። ክፍሌ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት እንደ ምንም በገዛ እጁ የጠመጠመው የመጨረሻው እሱ ነው። በተቀበረ በሁለተኛው ወር ጨሰና ቆመ። ማህደር "የሰው ቤት እያቀዘቀዝሽ እኛን ትቀቅይናለሽ" ትላለች። ጊዜ አጣሁ እላታለሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ማህደር በስልክ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። "እናቴ? እሷ እንኳ ቤት ናት። አንዳንዴ አጎቴን ታግዛለች።"

አንዳንዴ። ዛሬ ከረጢቱ ውስጥ አምስት ነበር።

ጥያቄ ሁለት፦ ሰዎች በምን ያመሰግኑሃል? ባዶ ተውኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጥላ ሥር ሳይቀር ሙቀት። ይሳቅ የተጠናቀቁትን ይዘሽ ነይ ብሎ ደወለልኝና ሱቁ ሄድኩ። ሲያድ የሚባለው የሻይ ቤት ባለቤት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነበር።

"ዋሪያ ይሳቅ፣ ወላሂ ከወንድምህ ትበልጣለህ። ነፍስ ይማርና፣ እሱ የጠመጠመው ዓመት ሳይሞላው ይጨስ ነበር። የመጨረሻዎቹ ብቻ ነበሩ ደኅና። ያንተ ይኸው ስንት በጋ ቻለ!"

ይሳቅ ሳቀ። "እጅ የእግዜር ስጦታ ነው" አለ። ጣቶቹንም ዘርግቶ አያቸው።

ዕቃውን አስቀምጬ ወጣሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ለክፍሌ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ጎረቤቴ ቱሪያ በሯ ላይ ሳምቡሳ ስትጠቀልል አገኘኋት። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም።

"አቦ ሽታዬ! አንቺ ታቦኪያለሽ፣ እሱ ዳቦዬ ይላል!" አለች። "ወላሂ እኔ ብሆን ይህን ዘይት አናቱ ላይ እገለብጠው ነበር። ስሚኝ፣ የእኅቴ ልጅ ዱኒያ አንድ ቀን ስፌት ሳትማር፣ በልምዷ ብቻ ሲኦሲ ተፈትና የብቃት ወረቀት ወሰደች። ዛሬ የራሷ ሱቅ አላት። አንቺ ምን አነሰሽ?"

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል" አልኳት።

"እሱን ለኔ ሳይሆን ለጣቶችሽ ንገሪያቸው።"

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የብቃት ምዘናው ቢሮ ሄድኩ። ለመጠየቅ ብቻ። መዝጋቢዋ ልጅ ነች፣ ትሕትና አላት።

"ሞተር ጥምጠማ? ለማን ነው እናቴ?"

"ለልጄ" አልኩ።

"ተምሯል?"

"አልተማረም። በልምድ ነው።"

"እንግዲያ ፈቃድ ካለው ሱቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያምጣ። ፈተናው ግንቦት 27 ነው።"

የሌለኝን ወንድ ልጅ ወልጄ ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ በራሴ ላይ ሳቅሁ። ሳቅ ነው ከተባለ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ደብዳቤውን እንዲጽፍልኝ ይሳቅን ጠየቅሁት። ከረጢቱን እያስቀመጠ ቀና ብሎ አየኝ።

"ወረቀት? ምን ያደርግልሻል እትዬ? ቤት የጎደለ ነገር አለ?"

"የለም።"

"የሰደበሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

ለ"ታዲያ" ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ስጠመጥም መልስ ስፈልግለት ዋልኩ። አሁን ስጽፍም አላገኘሁም። ሞተሩ ተገጥሞ ሲዞር፣ የመጀመሪያዋ ነፋስ ፊቴን ስትነካኝ የሚሰማኝን ነገር ለይሳቅ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ? ቅጹ ላይ እንኳ መጻፊያ ቦታው አንድ መስመር ነው።

ነገ እጽፍልሻለሁ ብሏል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ነገ አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሙቀት። ነገ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ጠቆረ። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያል። ከዳር ያሉት ቤቶች ውኃ ገባባቸው፤ የሞተ ሰው የለም፣ ተመስገን። የውኃ መሳቢያ ዲናሞዎች ግን ጭቃ ውጧቸዋል።

ይህ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ዘጠኝ ዲናሞ። ጭቃውን ሳላጥብ ሽቦውን አልነካም። ጣቶቼ ተሰነጣጠቁ። ደብዳቤውን ለይሳቅ አስታወስኩት።

"እትዬ! ከተማው ውኃ አጥቷል፣ አንቺ ወረቀት ትያለሽ?" አለ።

እውነቱን ነው። ውኃ ይቀድማል። አፈርኩ።

አምስቱን ጨረስኩ። አራቱን ከተማው ሲነቃ ሳይጠመጠሙ ተውኳቸው። እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ራሴን አሞኝ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

አሁንም አልተሻለኝም። ያልተጠመጠሙት ስምንት ደረሱ። ይሳቅ ትናንት ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሰዎች ሱቁ በር ላይ ይጮሁበታል። ክኒን ገዝቶልኝ መጣ። አመሰገንኩት።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ፖስታ ይዞ መጣ። ማኅተም አለው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተሻለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ደብዳቤውን ከፈትኩት። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።

"ወይዘሮ ሽታዬ በድርጅታችን ውስጥ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በጽዳትና በመላላክ ሥራ ያገለገሉ ሲሆን፣ በሥራቸው ታማኝ፣ በጠባያቸውም ምስጉን መሆናቸውን እንገልጻለን።"

ማኅተሙ ጥሩ ተመትቷል። ክቡ ሙሉ ነው፣ ቀለሙ አልተዝረከረከም።

ጠየቅሁት። "ጠምጣሚ ብዬ ብጽፍ ግብር ሰብሳቢው ሠራተኛ ደብቀሃል ይለኛል" አለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ስለ ግብር ምን አውቃለሁ። "ምስጉን" የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለቅጹ ጥያቄ ሁለት መልስ ተገኘ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሙቀት፣ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ብቻ ትንሽ ነፋስ። ብቻዬን ነበርኩ። ማህደርን ለቅሶ እሄዳለሁ ብያት ወጣሁ።

መዝጋቢዋ አወቀችኝ። "ልጅሽ የታለ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለች። "ይሄ እኮ ጽዳት ነው የሚለው፣ እናቴ።" ለፈታኙ አሳየችው። ፈታኙ አቶ ዓብዩ ይባላል፣ ሽበታም፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ። አንብቦ እጆቼን አየ። የተሰነጠቁትን ጣቶቼን ነው ያየው፣ ፊቴን አይደለም።

"ሥራውን ትችያለሽ?"

"ይሞክሩኝ።"

"ትቀመጥ" አላት ለመዝጋቢዋ። ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። እግዜር ይስጠው።

ከኔ ጋር የሚፈተኑ ስድስት ወንዶች አሉ፣ በዕድሜ ሁሉም ልጆቼ ይሆናሉ። አንዱ "እናት፣ መጥረጊያው በዚያ በኩል ነው" አለ። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለምን ፈገግ እንዳልኩ እንጃ። ከዚያ ሞተሩ መጣ፣ ሽቦውን ስይዝ የሳቁትን ረሳኋቸው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ከመካከላቸው አንዱ ሽቦ በጥሶ ሲሳደብ ሰማሁ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር። ጨርሼ ቀና ስል ሁለቱ ገና ከሽቦው ሥር የሚገባውን ወረቀት እየቆረጡ ነበር።

ሽቦው ተጠምጥሞ ሲያልቅ ጫፎቹ በክር ይታሰራሉ። እኔ የማስረው እናቴ በሐርላ መንደር የማሽላ አገዳ በምታስርበት ቋጠሮ ነው፤ ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲሞቅ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ክፍሌ ተራ ቋጠሮ ነበር የሚያስረው።

አቶ ዓብዩ ሞተሬን አገላብጦ ቋጠሮው ላይ ቆመ። መነጽሩን አደረገ።

"ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ" አለ። "የቤቴን ዲናሞ ስከፍተው ይህ ነው ያለው። የመሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ። በከተማው እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ነው፣ መጋላ ያለው ይሳቅ። እሱ ነው ያስተማረሽ?"

ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። መዝጋቢዋም ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች።

"አዎ" አልኩ።

"ትልቅ ጠምጣሚ ነው" አለ። "ጥሩ አስተማሪ አግኝተሻል።"

አሁን ማህደር ተኝታለች፣ እኔ ያንን አንድ ቃል እያኘክሁ ተቀምጫለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ይሳቅ እዚያ አልነበረም። እናቴ ያስተማረችኝን ቋጠሮ በአንድ "አዎ" ፈትቼ ሰጠሁት። የክፍሌን አደራ ነው የጠበቅሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። አደራው ግን የክፍሌ ስም ነው፣ የይሳቅ አልነበረም። አፌ ከእጄ ይሰንፋል።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። ቱሪያ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛ መጣች፣ አዲስ ልብስ ለብሳ። ፈተናውን ነገርኳት። ጣፋጩን መልሳ ልትወስድብኝ ምንም አልቀራት።

"ይሳቅ አስተማረኝ አልሽ? ያ ረቢ! ሌባ ቤትሽ ገብቶ አያውቅም፣ አንቺ ነሽ እቃውን ተሸክመሽ የምታደርሽለት!"

በላሁ። ጣፋጭ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

አልፌአለሁ። ወረቀቱ ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ "ብቁ" ይላል። ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼው መጣሁ፣ እንዳይታጠፍ።

ይሳቅ ለስላሳ ይዞ ቤት ጠበቀኝ። አቶ ዓብዩ ደውሎለት ኖሯል፤ "ተማሪህ አኮራችህ" ብሎታል።

"አየሽ እትዬ፣ ልፋታችን ፍሬ አፈራ" አለኝ። "አምጪው፣ ፍሬም ላስገባልሽ። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ አይቀመጥም።"

ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አልጽፍም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ማህደር ከከተማ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"አጎቴ ሱቅ ወረቀትሽን አየሁት። ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። 'በብቁ ባለሙያ ይጠመጠማል' የሚል ማስታወቂያ የፍሬሙ መስታወት ላይ ለጥፏል።"

"ጥሩ ነው" አልኩ።

"ስምሽ ላይ ነው የለጠፈው፣ እማዬ። 'ብቁ' የሚለው ብቻ ነው የሚታየው።"

ዞሬ ሽቦዬን አነሣሁ።

"ለቅሶ ሄድኩ ያልሽኝ ያን ቀን ነው የተፈተንሽው?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ማን ሞተ እያልኩ ስጠይቅሽ ነበር" አለች። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጠች።

ቅጹን ከፍራሽ ሥር አወጣሁት። ጥያቄ ሦስት፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ? ለማየት ሞከርኩ። የታየኝ ከረጢት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በሬን የሚያንኳኳ ከረጢት።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዛሬ ያደረግሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ደመና ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። ይሳቅ ቅዳሜ ያመጣውን ከረጢት ሳልፈታ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ደረስኩ። ይሳቅና ሲያድ ነበሩ። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

"በጠዋት እትዬ?" አለ ይሳቅ።

"አልተጠመጠሙም" አልኩ።

"አመመሽ እንዴ?"

"ደኅና ነኝ።"

ወንበር ላይ ወጥቼ ፍሬሙን አወረድኩ። ማስታወቂያውን ከመስታወቱ ልጬ ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። ሲያድ ፍሬሙን ከእጄ ተቀብሎ ስሜን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ከነአባቴ። ከዚያ ይሳቅን አየው፣ ከረጢቱንም አየው። "እጅ የእግዜር ስጦታ ነው" አለ ሲያድ። ይሳቅ አልሳቀም። ፍሬሜን ተቀብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለውን የክፍሌን ስም ቀና ብዬ አየሁት። አልነካሁትም።

ሦስት ሰዓት ቤት ገባሁ። ማህደር ጠረጴዛውን ያዘችልኝ፣ የራሳችንን ቬንቲሌተር አወረድኩ። ከፈትኩት። የክፍሌን ሽቦ እየቆጠርኩ ፈታሁት። ሦስት መቶ ሃያ ዙር መሆን ሲገባው ሁለት መቶ ሰማንያ አራት ነው፤ ዙር የጎደለው ሞተር ይጨሳል። ሳልከፍተውም አውቅ ነበር። የተቃጠለውን ሽቦ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በሩን ከፈትኩ። በርጩማዬን ደፉ ላይ አደረግሁና ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ማህደር ፍሬሙን ከበሩ ውጭ፣ ቱሪያ ፌስታል ታንጠለጥልበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ቱሪያ ከማዶ እልል አለች። አላየኋትም፣ ሽቦ እየመረጥኩ ነበር።

ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ በሩን ዘጋ። እኔ አልዘጋሁም። የይሳቅ ጥላ እግሬ ላይ ወደቀ። ከረጢቱን ተሸክሟል።

"እትዬ" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ "እትዬ ሽታዬ" አለ።

ሁለት ጠጠር ተቀምጧል፣ አርባ አንድ ላይ ነበርኩ። አርባ ሁለተኛውን ዙር ጠመጠምኩ።